ሲባጎና እንስላል

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መሬት ለክቼ፣
በየሰዉ ድንበር ላይ ችካሌን መትቼ፣
ጡረታ ስወጣ፣ ከቀሃ ወንዝ ማዶ
ጓሮ ተረፈችኝ፦ ስምንት በስድስት፣ ባዶ።

እኔም ቀየስኳታ!
ሲባጎ ወጠርኩኝ ከጫፏ እስከ ጫፍ፣
ጎመኑን በጎመን፣ ድንቹን በድንች ሰልፍ፤
በቆሎው ለብቻው፣ ቃሪያዋም ለብቻዋ፣
አንዷ በሌላዋ ላይ እንዳይወድቅ ጥላዋ።
ጎረቤቴ አይቶ፣ «ጓሮ ነው ወይስ ጦር?» ብሎ ሳቀብኝ።
እኔ ግን ደስ አለኝ።

መስከረም ሲያበቃ ክሽክሽ ወረደብኝ፣
ከጎመኑ ጀርባ ዱቄት ነሰነሰብኝ።
አንዱን ጎመን ሲጨርስ ሌላው እጎኑ አለ፣
እንደ ሠርግ እድምተኛ ትሪ እየተቀበለ።
መንገዱን ማን ሠራው? እኔው ነኝ አቅንቼ፣
ከድግስ ወደ ድግስ በገመድ ለክቼ።

ከሰርቪሱ ክፍል፣ አንጓች ተከራዬ፣
የጯሂቷ፣ መጥታ ቆማ ከኋላዬ
(ሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ውላ፣
እጇ በረኪና ይሸታል)
ቅጠሉን ገልብጣ፣ በጥፍሯ ፍቃ አይታ፣
«ጋሼ፣ ጎመን እኮ ብቻውን አይተኛም፤ ዘብ ያሻዋል ማታ።»

«ማንን?»
«ነጭ ሽንኩርትን ነዋ! ጤና አዳምን!
ጠረኑ የከረረ ጎረቤት ያለውን
ሌባ አይደፍረውም።
እኛ ደምቢያ ይህን ለማንም አናስተምረውም፤
ሁሉም ያውቀዋላ!»

ሰኔ ሲገባ ግን ጉድ አየሁ በዓይኔ፤
ሲባጎዬን ፈታች፣ ሳልፈቅድላት እኔ።
በቆሎ፣ ከሥሩ አደንጓሬ፣ ከእግራቸው ሥር ዱባ፣
ሦስቱም ባንድ ጉድጓድ፣ እንደ ጽዋ ማኅበር!
«ሴትዮ! የታለ ድንበር?»
«ድንበር የሰው ጠብ ነው፤ እህል መች ያውቀውና፣»
አለች፣ ካጎነበሰችበት ቀና ሳትል ገና።
«ይሄ ረጅሙ ቆሞ መዋል ያውቃል።
አደንጓሬ ደካማ ናት፣ ትደገፋለች፤
የተደገፈችውን ግን አፈሩን ታበላለች።
ዱባም ተኝቶ ይዋል፣ ሰነፍ ነው አይባል፤
ያ ሰፊ ቅጠሉ አረሙን ይከልላል።»

«እሺ፣ እንስላሉንስ፣» አልኳት ተሸንፌ፣
ችግኙን እንደ ሕፃን በመዳፌ አቅፌ፣
«ከቲማቲሙ ዘንድ ልትከለው?»
«ኧረ እሱን ይተዉት!
ሥሩ ደግ አይደለም፤ አጠገቡ ያለ አያድግም።
ማዕዘን ላይ ይቁም፣ ለብቻው፣ እንደ…»
ዝም አለች።
«እንደ ማን?»
«እንደ ጋሼ።»

አልመለስኩላትም። ጣሳዬን አነሳሁ፣
ያንኑ አንድ ጎመን ሁለቴ አጠጣሁ።

ሁሉም አልሰመረም። ድንቹ ተጨንቆ
የእርግብ እንቁላል አክሎ ቀረ።
ዱባው እግሩን ዘርግቶ የአንጓችን ደጃፍ ተሻገረ።
አደንጓሬዋ ግን በአገዳው ላይ ሦስቴ ተጠምጥማ፣
ጫፉ ላይ ስትደርስ የምትይዘው አጥታ፣
አየር ትዳብሳለች፣ እንደ ዓይነ ስውር ጣት።
ያን የጣልኩትን ሲባጎ ፈልጌ አመጣሁላት፤
ከአጥሩ ወጥሬ፣ ድንበር ያልሆነ ቋጠሮ
ዕድሜዬን ሙሉ ሳልቋጥር ኖሬ፣
ቋጠርኩ።

ጥቅምት ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደረሳት፤
አዘዞ፣ አራተኛ ፎቅ።
ለዱባው ማንም አልነገረው፤
የተቆለፈ በሯ ላይ ሌላ አበባ አወጣ።

ባለፈው እሁድ መጣች፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ይዛ።
«አፈር ይስጡኝ ጋሼ፤ እዚያ ሲሚንቶ ብቻ ነው።»
ከመሃል ዛቅኩላት፣ የሦስቱ ሥር ከተቆላለፈበት።
«ምን ልትተክዪ?»
«ቃሪያና በሶብላ።
ቃሪያ ብቻዋን እዚያ ላይ ትፈራለች።»

ሄደች።

እንስላሉ ዛሬም ማዕዘኑ ላይ ነው፤
ቢጫ አበባውን ንቦች ይወዱታል።
ለዓመታት ከጎኑ የነበረች ዱካዬን ግን
አንስቼ አዛወርኳት፣ ባገዳውና በዱባው መሃል።
ቦታው ይጠባል። ቅጠሉ ጆሮዬን ይነካል።
ከማዕዘኑ እስከዚህ ስንት ክንድ እንደሆነ
አልለካሁትም።