ሽብልቅ

አዌቱ ሞልቷል፤ ቆርቆሮው ያፈስሳል።
በጋራዡ መሃል መዘውሩ ተጋድሟል፣
አሥራ ስምንት ክንፍ ዙሪያውን ሰክቶ።
ነገ ዴዶ ይወርዳል፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣
ለነዒማ ወፍጮ።

አለቃዬ ተማም የበርጩማ ጠራቢ ልጅ ነው።
አባቱ ከአንድ ግንድ ሦስት እግር ሲያወጣ
ሚስማር አይነካም ነበር፤
«ሚስማር» ይል ነበር አሉ፣ «የውሸት ምስክር ነው፤
ችሎት ሲበረታ ቃሉን ያጥፋል።»

ልጁም ለብረት ያንኑ ይነግረዋል፦
የክንፉን ሥር አስፍቶ፣ አንገቱን አቅጥኖ።
«ውሃ ሲገፋው ይሾራል፤ ሲሾር መብረር ያምረዋል፤
ክንፍ ነዋ!
በሳበ ቁጥር ሥሩ ይይዘዋል።
ወደ ጎን እንዳይሾልክ ብቻ፣ ሽብልቅ።»

ባለፈው ክረምት አንዱ በሮ ነበር።
የእኛ ሥራ አይደለም እንላለን፣
እኔና ተማም፣ ዐይን ለዐይን ሳንተያይ።
ከነዒማ ጆሮ በአንድ ክንድ ርቆ
የጭቃውን ግድግዳ በስቶ ወጣ፤
በቆሎ ውስጥ አገኙት፣ ውሃው ሳይደርቅለት።

ማታ፣ ተማም ለመግሪብ ሲነሳ
ማርቴሎዋን ሰጠኝ፦ «ጠይቃቸው።»
ጠየቅኩ። አንደኛው «ቅጭል»፤ ሁለተኛው «ቅጭል»፤
እስከ አሥራ ሦስት እንዲሁ፣ እንደ በቅሎ ቃጭል።
አሥራ አራተኛው፣ «ዱፍ»።
ደገምኩት። «ዱፍ»።
ሊወልቅ የደረሰ ጥርስ፣ ምላስ ብቻ የሚያውቀው።

ሾፌሩ ዝያድ ጥሩንባ ነፋ፦
«በሌሊት ካልወጣን ጭቃው አያሳልፍም!»
ክፍተቷ የሲጋራ ወረቀት ታህላለች።
ብዘላትስ? ነገ ቀለም ይቀባል፤
ከቀለም በታች ሁሉም ጨዋ ነው።

ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ አድጌ፣
ጅማት ምን እንደሆነ ያን ማታ ገባኝ፦
ሥጋና አጥንት ሊለያዩ ሲሉ ብቻ
ስሙ የሚነሳ።

ነቀልኩት።
ከአሮጌ ባሌስትራ ሌላ ቆረጥኩ፤
ሞረድኩ፣ ለካሁ፣ ሞረድኩ፣
አውራ ጣቴን ሞረድኩ።
ተማም ሰግዶ ተመለሰ፤ ምንም አላለም፤
የስልኩን መብራት ከፍ አድርጎ ያዘልኝ።
ዝያድ ጥሩንባውን ትቶ ጋቢና ውስጥ አንኮራፋ።

ሊነጋጋ ሲል ማርቴሎዋን አነሳሁ።
አሥራ አራተኛው፣
«ቅጭል»።

ነዒማ ሽብልቅ ምን እንደሆነ አትጠይቅም።
የግድግዳዋን ቀዳዳ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፋዋለች፤
እስካሁን አላስለሰነችውም።
«ክፈቱ» አለ ተማም። ውሃው ተለቀቀ።
መዘውሩ ማጉረምረም ሲጀምር
ሁላችንም ወደ በሩ ስንሸሽ፣
እሱ ግን ሄዶ
ከቀዳዳው ፊት ቆመ፣
ደረቱን ለክንፎቹ ሰጥቶ።

ትንሽ ቆይቼ፣
እኔም ሄድኩ አጠገቡ።