ዕለቱ ጸጥ ያለ ነበር

ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ከመስታወቱ ማዶ የጥቅምት ዛፍ ሲታይ፣
ጋሪ እገፋለሁ፣ ጎማው እንዳይጮኽ ቀስ ብዬ፣
አሥራ ስድስት ሣጥን፣ አሥራ ስድስት አገር ጭኜ።
ሕጉ ጥብቅ ነው። ካፖርት ውጭ ይቀራል፣
ስክሪፕቶም ይቀራል፤ እርሳስ ብቻ ይገባል።
እርሳስም ቢሆን
ለማስታወሻ እንጂ ለማረም አይሆን።

አንዳንዴ አንባቢ ሲጠፋ ክዳን ከፍቼ አያለሁ።
በእነሱ ቋንቋ አገር ዕቃ ነው፤ ወንድም ሴትም አይደል፣
እንደ ወንበር፣ እንደ ድልድይ፣ እንደ በርሜል።
እኔ በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው
«እሷ» ትሆናለች፤ ወረቀቱም የሰፈር ሰው፣
አጥር ተደግፎ ስለ ጎረቤት ሴት የሚያወራ፦

«ለስላሳ ናት፤ ሲቆጧት ትሰማለች።
ወደቧ ጥልቅ ነው። መዳብ አላት።
ባለፈው ከዚያኛው ጋር ታይታለች።
ብቻዋን አትቆምም፣ ደግፈን ካልያዝናት።»

ከሁሉ የሚገርመኝ «አሳስቦናል» የሚለው፣
በየገጹ፣ በየዓመቱ፣ እንደ ማኅተም ያለው።
አሳብ እንቅልፍ ይነሣል ሲባል ነበር የማውቀው፤
የእነዚህ ግን ከምሳ በፊት ተፈርሞ ነው ያለቀው።

ማክሰኞ ወይዘሮ ኦዲሊያ መጣች፣
ከሃያትስቪል በአውቶቡስ፣ መነጽሯን በክር አስራ።
የአገሯን ስም አልጠራም፤ ሣጥኑ ላይ አለ።
የፈለገችው የአንድ ቀን ወረቀት፣
ወንድሟ ወደ ወደቡ ወርዶ በዚያው የቀረበት ዕለት።
ሣጥን አሥራ አንድ፣ አቃፊ አራት።
አገኘሁላት።

ግማሽ ገጽ ናት። ሦስት መስመር በጥቁር ቀለም ተዘግቷል፤
ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተርፏል፦
«ዕለቱ በወደቧ ከተማ ጸጥ ያለ ነበር።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው፤ ጣቷ ወረቀቱን ሳይነካ፣ በአየር፣
ፊደል በፊደል ሄደችበት።
የሚያለቅስ ሰው ብዙ አይቻለሁ እዚህ ክፍል፤ መሐረብ እናቀርባለን፣ ከወረቀቱ አርቀን።
እሷ ግን አላለቀሰችም።
«እውነታቸውን ነው» አለችኝ። «ጸጥ ብሎ ነበር።
ከቀትር በኋላ።»

ምን ይባላል? የቅኔ ተማሪ ብሆን
ሰሙን አቅልጬ ወርቁን ባወጣሁ ነበር፤
እዚህ ግን ወርቁ ነው የተቀባው፤
መስኮት ላይ ብይዘው፣ ብርሃኑም አላለፈው።

የእኔንም ሣጥን አውቀዋለሁ። ከታች ነው፣ ከመደርደሪያው መጨረሻ፤
ለማውጣት መንበርከክ ይጠይቃል። ስምንት ዓመቴ።
እስካሁን አልተንበረከኩም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱ ብልጭ አለ፣ መውጫው ደረሰ።
ዘበኛው ዴልሮይ በር ላይ የሁሉን ማስታወሻ እያገላበጠ፣
የእሷንም ብጫ ወረቀት ተቀበለ፦
ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ፣ ቃል በቃል፣ በእርሳስ፣
ከነጥቡ በፊት ግን ሁለት ቃል ጨምራለች፣
«ከቀትር በኋላ»።
ዴልሮይ ቁልቁል አየው፣ ገልብጦ አየው፣
የተሰረቀ ገጽ አለመሆኑን ነው የሚያጣራው፤
ማኅተሙን አነሣ፣ መታው።

እንዲህ ሆኖ የታረመው ወረቀት፣ የመንግሥት ማኅተም አርፎበት፣
በአውቶቡስ ወደ ሃያትስቪል ሄደ።

ሣጥኑን መለስኩት። ክብደቱ ያው ነበር።