ደም መላሽ

አርብ ማታ መርፌ ነው። ከቅቤው ጎን፣ ከማቀዝቀዣው አወጣዋለሁ፣
ሆዴን ቆንጥጬ እወጋዋለሁ፣
ከዚያ እስከ እሑድ እንቀጠቀጣለሁ።
ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት ክኒን፣
አርባ ስምንት ሳምንት፣ ሳልዘል አንድ ቀን።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደም እሰጣለሁ።
ክንዴ ላይ ያለችው ደም መላሽ ስታመልጥ
ሞርቨን ትስቃለች፦ «እንደ ዓሣ ሙልጭልጭ፣ መቼ ልትጨበጥ!»
ሦስት ብልቃጥ ሞልታ ስሜን ትለጥፋለች፣
በቀትሩ መርከብ ትሰደዋለች።
ደሜ ከኔ ቀድሞ ባሕር ይሻገራል፣
ኢንቨርነስ ገብቶ ይመዘናል፣ ይቆጠራል፤
እኔ እዚህ ስቶርኖዌይ ዝናብ እቆጥራለሁ።

ውጤቱስ?
«ደህና ነው» ትላለች በስልክ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ።
ደህና ማለት ስንት ነው?
«ደህና ነው፣ ሚስተር ማክአስኪል። ችግር ካለ ሐኪሙ ይደውላል።»
ቁጥሩን ብትነግሪኝስ?
«አልተፈቀደም።»
ለማን?
ዝም።
ዝም ስትል ከጀርባዋ ማተሚያው ሲያጓራ ይሰማኛል።

እኔ እኮ
ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ላይ የባሕር ልክ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤
ሌሊት በፋኖስ፣ በበረዶ፣ በጭጋግ፣
የምሰሶውን ጭረት እያየሁ
ሙላቱን፣ ጉድለቱን በጣት ልክ የጻፍኩ።
ካፒቴኑ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ሲለኝ
«ደህና ነው» ብዬው ቢሆን ኖሮ
ስንት የመርከብ ሆድ ድንጋይ በቀደደው!
ይሄ ደግሞ የገዛ ባሕሬ ነው።
ደረጃ ስወጣ የሚያስለከልከኝ
ክኒኑ ቀዩን ደሜን እየበላው ነው፣
ወይስ እርጅና ነው? ልወቀው።

በሃያ ስድስት ዓመቴ የመርከብ ገመድ ተበጥሶ ጭኔን ሲሰብረው
አራት ከረጢት ደም ሰጡኝ።
የማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝ፣
እኔም አልጠየቅኩም፤ እየሞተ ማን ይጠይቃል?
ከአራቱ በአንዱ ይሄ እንግዳ ነበረ፣
ጉበቴ ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ኪራይ ሳይከፍል የኖረ።
የሰው ደም ሲያስገቡ ፈቃድ አልጠየቁኝ፣
የገዛ ራሴን ልይ ስል ፎርም ሙላ አሉኝ።

ሞላሁ።
ስም። አድራሻ። የጥያቄው ምክንያት።
ከምክንያቱ ሥር «የኔ ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩበት፤
ተመለሰ፣ «በቂ አይደለም» በእርሳስ ተጽፎበት።
ዳግመኛ ሞላሁ፣ መታወቂያና አሥር ፓውንድ ጨምሬበት።
እኅቴ ኤፊ ሣቀችብኝ፦
«ለገዛ ደምህ ቀረጥ ትከፍላለህ?»
የባሕር ማዶ ዕቃ ነው አልኳት።

አንድ ማክሰኞ ሞርቨን «ፕላስተር ላምጣ» ብላ ወጣች።
ፕላስተሩ እጇ ላይ ነበር።
ኮምፒዩተሩን ወደኔ ዞር አድርጋ ትታው ነበር።
መነጽሬ ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ኮቴ በሩ ላይ፣
ክንዴ ላይ ጥጥ ይዣለሁ።
ያየሁት ከአንድ ቁጥር አጠገብ ያለች ቀይ ኮከብ ብቻ ነው።
ስትመለስ ፊቴን አይታ «አነበብክ?» አላለችም።
አላነበብኩም አላልኳትም።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ደም መላሽ መጣ፣
የፖስተኛ ኮት ለብሶ፣ ከቦርሳው ደሜን አወጣ።
ቅዳሜ ነበር፤ እየተንቀጠቀጥኩ ቀደድኩት፤
የየካቲት ደሜን ሚያዝያ ላይ አገኘሁት።
ቀይ ደም፦ ዘጠኝ ነጥብ አራት። አጠገቡ ኮከብ።
ይሄንን ነበር «ደህና ነው» ያለችኝ።
አሮጌውን የወደብ መዝገብ ከመሳቢያ አወጣሁ፣
ባዶ የቀሩት ገጾች ላይ አሰመርኩ፦
ቀን፣ ሙላት፣ ጉድለት።

ከታች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ፦ ቫይረስ፣ አልተገኘም።
ኤፊ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።
እኔ ቃሉ ላይ ቆየሁ።
ወደብ ላይም የምንጽፈው እንዲሁ ነበር፣
ጀልባዋ ተመልሳ ሰውየው ሲቀር፦ አልተገኘም።
በወንድሜ በኬኔት ስም ፊት ያለው ይኸው ቃል ነው፤
እናቴ እስክትሞት ማታ ማታ በሩን ሳትቆልፍ ኖራለች።

ማክሰኞ ሄድኩ።
እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣
መነጽሬን አድርጌ።