የድህነት ማስረጃ

ከሆስፒታሉ በር ትይዩ፣ ባንዲት ቆርቆሮ ቤት፣
የሰው ወረቀት ሳባዛ ከረምሁ ሦስት ክረምት፤
የልደት ካርድ፣ ትራንስክሪፕት፣ የቤት ኪራይ ውል፣
ገጹ በሦስት ብር፣ ቀለም ካለው ይጨምራል።
መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብዬ ከደጁ ላይ
ነጭ ጫማ የተጫሙ ተማሪዎችን ሳይ፣
ሰዓታቸው ከደረት ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣
ሁሉም ወደ ተራው፣ ወደ ክፍሉ ተቻኩሎ፣
እግሬን ከወንበሩ ሥር እሰበስብ ነበር፣
ሸበጤ እንዳይታይ፣ እንዳይሰማ ሲናገር።

ያላንኳኳሁት በር የለም።
አዘዞ አንድ ድርጅት አለ ብለውኝ ብሄድ፣ ዘበኛው «ተዘግቷል»፤
ፒያሳ ያለው ቢሮ «ዕድሜሽ በሦስት ወር አልፏል»፤
ማራኪ የነበሩት «ለከርሞ ነይ» አሉኝ፤ ከርሞም መጥቶ ሄዷል።

አንድ ማክሰኞ፣ አንዲት ሴት ልታባዛ
ወረቀት ሰጠችኝ፣ ጥግ ጥጉ የወዛ።
ክዳኑን ከፍቼ ላስተኛው ስል አየሁ፣
ሳላስበው ቆሜ እስከ ግርጌው ዘለቅሁ፦
«ነርስ ለሚማሩ፣ ለስድስት ሴት ብቻ፤
ውጤት፣ ሁለት ፎቶ፣ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ፤
እንዲሁም ከቀበሌ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
የሚመሰክር ወረቀት፣ የአመልካቿን ድህነት።»
ለሴትዮዋ ሁለት፣ ለራሴ አንድ አወጣሁ፤
የሦስተኛውን ሂሳብ ከኪሴ ከፈልሁ።

እናቴ እናኑ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤
ነገሩን ስነግራት
ክር በመርፌ ልታሾልክ ነበር፣ ሦስቴ ሳታት።
ሃያ ዓመት ደብቃው የኖረችውን፣
የእድር ከሁሉ ቀድማ እየከፈለች የሸፈነችውን
አውጪው ማለቴ ነው። ለጸሐፊ። በወረፋ።
አልመለሰችልኝም። ተኛች፣ ኩራዙን አጥፍታ።

ስነቃ ለባብሳ ከበር ቆማለች፤
የክት ነጠላዋን አጣፍታለች፤
ጫማዋንም ወልውላ። «ምነው?» ብላት፣ «መንግሥት ፊት አልቀርብም ጎስቁዬ»፤
ቁልቁለቱን ወረድነው፣ እሷ ፊት፣ እኔ ተከትዬ።

ጸሐፊው አቶ ስጦታው ከመዝገቡ ቀና አለ፣
ከጥለቷ እስከ ጫማዋ ቁልቁል እያስተዋለ፦
«ይቅርታ እማማ፣ ድሃ አይመስሉም እርስዎ፤
ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ቤቱም የራስዎ።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ እንባ፤ ሁለቱም መውጫ አጡ።
እናቴ ነጠላዋን አወለቀች፤
ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አሳየችው ውስጡን፣
ሰባት ቦታ በቀጭን ክር የጠቀመችውን ስንጥቁን።
«እጄ ሠልጥኖ ነው» አለች፣ «ካይንህ የጋረደው፤
ጨርቁማ፣ የኔ ልጅ፣ ካለቀ ሰባት ዓመት ሆነው።»

ወረፋው ጸጥ። አንድ አዛውንት ብቻ ሳሉ።
«ሦስት ምስክር ይቅረብ፣» አለ ጸሐፊው፣ «ደንብ ነው» በማለት፣ ዝቅ ብሎ ቃሉ።
ሦስት ሰው ከሰልፉ ወጣ፣ ሳንለምን በፊት፤
አንዷን ጭራሽ አናውቃትም፤ ማለች ግን፣ ደረቷን ይዛ፣ ፊት ለፊት።

ድው።
ሰማያዊ ክብ፣ ዳር ዳሩ የተጨማለቀ።

እናቴ ነጠላዋን ሳታቀና፣ እንደተገለበጠ ለበሰችው።
ሳሙና በር ስንደርስ አንዲት ጎረቤት አየችንና ደረቷን መታች፤
«ማን ሞተባችሁ?» አለች።
«ማንም» አለች እናቴ። «ቀበሌ ነበርን።»

ስም ዝርዝሩ የተለጠፈው በሰኔ ዝናብ ነው።
ስድስቱን ቆጠርሁ። እኔ ከመስመሩ በታች ነኝ፦
ተጠባባቂ፣ አንደኛ።

አሁንም ያው ነኝ፤ ገጹ በሦስት ብር፤
ስልኬን በየደቂቃው ከኪሴ ሳወጣ፣ ስከት፣ ስቆጥር።
እናቴ ግን ትናንት ከአራዳ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች።
«ካልጠሩኝስ?» አልኋት።
ክሩን በጥርሷ በጠሰችና
«አትጉበጪ» አለች፣ «ትከሻሽን ልለካበት፣ በይ ቀና!»