ሰነፉ አንባቢ

በርገን ይዘንባል። አዲስ ነገር የለም።
ከሰባቱ ተራራ አንዱ እንኳ ብቅ ሳይል
ዘጠኝ ቀን አለፈ፤ ማንንም አልገረመም።
ወደቡ ዳር ካለው ከሦስተኛው ፎቅ ላይ
ቱሪድ ፊት ለፊቴ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
አንድ ፋይል ትከፍታለች።

የሃልቫርድ መዝገብ ነው፤ የባሕር ልክ ጠባቂ፣
በደሴቱ ጫፍ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት
ጠዋትና ማታ ዘንጉን እያነበበ
ውሃው የት እንደ ደረሰ በእርሳስ የጻፈበት።
ደብተሮቹ ሻግተው፣ ተማሪዎች በበጋ
አሃዝ በአሃዝ ገልብጠው ኮምፒውተር ውስጥ ከተቱት፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ሴንቲሜትር፣ መስመር ከመስመር በታች፣
በነጠላ ሰረዝ እየለያዩ አኖሩት።

ቱሪድ የምትጽፍበት ቋንቋ ኩሩ ነው፣ ጨዋ፤
ተግባሩ ሁሉ ንጹሕ፣ ያው የሰጡትን ወስዶ
ያንኑ ይመልሳል፣ ዛሬም ሆነ ነገ፤
ከዓለም እጁን ታጥቦ፣ ከጭቃው ርቆ ሄዶ።
ፋይል ግን ዓለም ነው። ይሰረዛል፣ ይቆለፋል፣
ማታ የነበረው ጠዋት ላይ ላይኖር።
ስለዚህ ቋንቋው ደጃፍ ላይ ዘበኛ አቁሟል፦
«ውጭ ደርሶ የመጣ ማተቡን ይሰር!»

ደግሞም ሰነፍ ነው።
«አንብብ» ሲሉት «እሺ» ይላል፤ አያነብም።
ውጤቱን አፍንጫው ላይ መጥተው ካልጠየቁት
ከተቀመጠበት አይነቃነቅም።

ቱሪድም ጻፈች፦ ክፈት። አንብብ። ዝጋ።
ሦስት ቃል፤ ለሕፃን የሚገባ።
ከዚያ «ድምሩን አሳየኝ» አለች።
ባዶ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባሕር ውሃ
የት ገባ?

እኔ ፋይሉን ጠረጠርኩ፤ እሷ ዲስኩን።
ስሙን ፊደል በፊደል ደጋግመን አየን።
ምሳችን ቀዘቀዘ።
በኋላ ሳቀች። «በሩን ዘጋሁበት» አለች።
«እሺ አነባለሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቶ፣
እኔ ቆለፍኩና ኋላ ቃሉን ስጠይቅ
ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ፣ እሺታውን ጨብጦ።»

መዝጊያውን ከሁሉም በታች አወረደችው፤
ለሰነፉም «አሁኑኑ!» የምትል ቃል ጨመረች።
መጣ። ቁጥሩ ተንጋጋ፣
መቶ አርባ ሁለት፣ መቶ አርባ፣ ዘጠና ስምንት፣
ማዕበል የበዛበት ክረምት፣ ጸጥ ያለ በጋ፣
እስከ መስመር አራት ሺህ አንድ መቶ ዘጠኝ።
እዚያ ላይ ተገተረ፦
«ቁጥር ስጠብቅ ቃል አገኘሁ።»

ቃሉን ፈልገን አየነው።
ኖቬምበር ሦስት፣ ጠዋት፣
ሴንቲሜትር በሚጻፍበት ቦታ ላይ፦
«ተኝቼ ነበር።»

ኤይቪን፣ አለቃችን፣ በትከሻዋ በኩል አይቶ
«የትናንት ማታውንና የዛሬ ማታውን
ደምረሽ ለሁለት አካፍዪ» አለ፤ «ማን ያውቃል?»
እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም።
ውሃው እንኳ ያን ጠዋት ረስቶታል።

ቱሪድ መልስ አልሰጠችውም።
በዚያ ቋንቋ ባለ ሁለት ኪስ ዕቃ አለ፦
ቀኙ ቁጥሩን ይይዛል፣ የተገኘ እንደሆነ፤
ግራው ያልተገኘበትን ምክንያት።
የሃልቫርድን እንቅልፍ በግራው ኪስ ከተተችው፣
አንዲት ፊደል ሳትነካ፣ ሳታርመው።

ማታ ላይ ሥዕሉ ወጣ።
ረጅም ሰማያዊ መስመር፣ የሚወጣ የሚወርድ፣
አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብጥስ ያለ፣
ጥርሱ እንደ ወለቀ ማበጠሪያ።
«ከሃያ ሁለት ሺህ መስመር» አለች ቱሪድ
ጣቷን ክፍተቱ ላይ አድርጋ፣
«ሌላውን ሁሉ ያሳመነኝ ይኼ ነው።
መተኛቱን ያልደበቀ ሰው
ውሃውን ለምን ይዋሸኛል?»

ከውጭ አሁንም ይዘንባል።
ካፖርቷን ቆለፈች፤ ለካ ቀኑን ሙሉ አላወለቀችውም።
ከዚያ ፋይሉን ዘጋች፣
አሁን
ተነቦ ካለቀ በኋላ።