ተነቃይ ራስ

ሻርጃ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከሙዚየሙ ምድር ቤት፣
ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፣ የነሐሴ ሌሊት።
ውጭው ወላፈን ነው፣ መስተዋቱን ያልበዋል፤
ውስጡ ግን ለድንጋይ ደጋ ተሠርቶለታል።
እኛ ሦስት ተሸካሚዎች፣ ነጭ ጓንት ያጠለቅን፣
ከሮም የመጣ ሣጥን ቀስ ብለን ከፈትን።
ሱኒል ብሎን ፈታ፣ ተጅ አልሲር ገመድ ያዘ፣
እኔ ስፖንጁን ሳነሣ ክንዴ ደነዘዘ፤
በአንዱ ሣጥን ገላው፣ በሌላው ሣጥን ራሱ፣
ሁለት መንገደኞች ሆነው በአንድ መርከብ ደረሱ።

ዶክተር ሸማ መጣች። (ስሟ ነው፣ ኩታ አይደለም፤
በአገሯ የወግ ስም ነው፣ እኔ ግን ሳልስቅ አላልፈውም።)
«አንገቱ ላይ ጉድጓድ አለ» አለች፣ «ጣታችሁን አታግቡ፤
ስንት ራስ እንደዋለበት እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡ።
ገላው ተጠርቦ ያለቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤
ቄሳር በተሻረ ቁጥር ራሱን ነቅለው፣
በዚያው ደረት ላይ፣ በዚያው ልብስ፣ አዲሱን ይተክላሉ፤
ሰዎቹም በማግስቱ ‹ሺህ ዓመት ንገሥ› ይላሉ።»

«ታዲያ ለምን ተከናነበ? ብርድ ነው ወይስ ኀዘን?»
«መሥዋዕት ሊያቀርብ ነው፤ ለዚያ ነው መሸፈን።
ንጉሡም እሱ ነው፣ ሊቀ ካህናቱም እሱ፤
መባውን ሰጪው እሱ፣ ተቀባዩም ያው ራሱ።»
«ሲሞትስ?»
«ሸንጎ ይሰበሰባል፣ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፤
ከስብሰባው በኋላ ሟቹ ከአማልክት ይደመራል።»

ሳቄ አመለጠኝ። በሙሉ ድምፅ! ተቃውሞ የለ፣
ድምፀ ተዓቅቦ የለ፣ ሬሳው አምላክ ተባለ።
ይህን ስብሰባ አውቀዋለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ይዤበታለሁ፣
ወንበር ደርድሬበታለሁ፣ ውሃ አድዬበታለሁ።
ኮምቦልቻ፣ ቀበሌ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ፣
ሦስት ጊዜ ሥዕል አውርጃለሁ፣ ሦስት ጊዜ ሰቅያለሁ።
ግድግዳው በጊዜ ሲጠቁር ከሥዕሉ ጀርባ ያለው
ነጭ ሆኖ ቀረ፣ መስኮት መስሎ፣ ማንም ያልከፈተው።
ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ በሩን ዘግቶ፣
«የድሮውን አትጣለው» አለኝ፣ «ማን ያውቃል፣ ጊዜ መጥቶ…»
ምስማሩን ግን ማንም አልነካው። ዝገቱን ይዞ፣ ዝም ብሎ፣
የመጣውን ሁሉ ተሸክሟል፣ ከግድግዳው ተተክሎ።

ዶክተሯ ለፊርማ ወጣች። ራሱን አወጣነው፤
ሠላሳ ኪሎ ጤፍ ያህላል። አፍንጫውን ማን ሰበረው?
ተጅ «ልጆች ናቸው» ይላል፤ ሱኒል «ዋጋው ስንት ነው?»
በእኛ አገር «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ነው የሚባለው።

ከጉድጓዱ ልናሳርፈው ስንል፣ ከመንገዱ ማዶ
የንጋት አዛን ተሰማ። ተጅ ከመሰላሉ ወርዶ
«አምስት ደቂቃ» ብሎ፣ ጓንቱን አውልቆ ሄደ፤
ሱኒልም ስልኩን ይዞ በኋላ በር ነጎደ።
እኔ ቄሳርን ታቅፌ ከሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ፤
እንደ ክርስትና ልጅ አንገቱን በክንዴ ደገፍኩ።
ሊቀ ካህናቱ ይጠብቅ፣ ተሸካሚ እስኪሰግድ፤
ሠራዊት የለው፣ ሸንጎ የለው፣ አይችል ተነሥቶ ለመሄድ።

ያን ጊዜ ጆሮውን አየሁ። ፊቱ በመሮ ታድሷል፣
ጉንጩ ተፍቋል፣ ከንፈሩ ሌላ ሰው ሆኖ ተጠርቧል፤
ጆሮው ግን የቀድሞው ሰው ነው። ሰፊ፣ ያልተነካ፣ የተረሳ፤
ጠራቢው ደክሞት ይሆናል፣ ወይ ደርሶ ሰዓቱ የምሳ።
ሹክ አልኩት አንድ ነገር፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ በአማርኛ፤
እንጃ ከሁለቱ የቱ እንደሰማ፣ አዲሱ ወይስ የፊተኛ።

ተጅ ተመለሰ፤ ግንባሩ ላይ የምንጣፍ ክር ነበረበት።
«ያላ» አለ። ቆጥረን አነሣነው፤ ጉድጓዱ ግን ሰፋበት።
ቄሳር ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ሱኒል «ቆይ» አለና፣ ከሣጥኑ
ስፖንጅ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ በማጅራቱ በኩል ወተፈለት።