ደረቅ ፍልጥ

አይዳሆ ተራራ፣ መንገዱ ሲያበቃ፣
ሬቫ ፒካፗን አቆመች፤ ጥድ ላይ አለ ሳንቃ፦
«የሕዝብ መሬት ነው። አሥራ አራት ሌሊት።»
ሌላ ቃል የለውም። ቧንቧ የለ፣ ሽንት ቤት።

አካፋ፣ መጥበሻ፣ ጨውም በጣሳ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ነድታ፣ አሁን የምትሻው አንድ ዓሣ።

ዝናብ ቀድሟት ደርሷል፤ ጭራሮው ረጥቧል፤
ከቋጥኙ ሥር ግን እጇ አንዳች ነክቷል፦
ደረቅ ፍልጥ፣ ክምር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ማን እንደሁ እንጃ፣ «ሰው ይመጣል» ብሎ።
ስምም ደብዳቤም የለም፤ መጥረቢያው ያረፈበት
ጎን ብቻ «ግራኝ ነበር» ብሎ መሰከረለት።

ሲመሽ ሁለት ትራውት ከወንዙ ወጡላት፤
ትንሿን መልሳ፣ «ሂጂ እደጊ» አለቻት።
ትልቁን በጣቷ በላች፤ ሳታስበው፣
ከእሳቱ በግራ በኩል ቦታ ተወች ለዚያ ሰው።

በአሥራ አራተኛው ቀን አመዱን ቀበረች፣
ድንኳን የተኛበትን ሣር በእጇ አበጠረች፣
ወገቧን ይዛ፣ እያለከለከች፣ ስትፈልጥ አረፈደች።

ላስቲኩም ያው ላስቲክ፣ ቋጥኙም ያው ቋጥኝ፤
የዛሬው ፈላጭ ግን አይደለም ግራኝ።
ቀጥሎ የሚመጣው፣ ፍልጡን ገልብጦ አይቶ፣
«መጥረቢያው ዶልዱሟል» ይላል፣
እጁን እሳት ዳር ዘርግቶ።